ጨረሩ ከመምጣቱ በፊት፦ የጨረር መድኃኒት ኬሚካሎችን ጎንደር ላይ ስንፈትሽ

ጥቅምት መጨረሻ

ሥራው ዛሬ ተጀመረ። ሚዛኑን አስተካክለን የመጀመሪያውን ዱቄት መዘንን። ዲቲፒኤ ይባላል፤ ነጭ፣ ሽታ የሌለው ዱቄት ነው። ኩላሊት እንዴት እየሠራ እንደሆነ በጋማ ካሜራ ለማየት ከቴክኒሺየም-99ኤም ጋር ተዋህዶ በደም ሥር የሚሰጠው እሱ ነው። ጨረሩን የሚያወጣው ቴክኒሺየሙ ነው። ዲቲፒኤ ደግሞ ቴክኒሺየሙን ጨብጦ በኩላሊት በኩል ያሳልፈዋል።

የጨረር መድኃኒት ጉዳት ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ጨረሩን ነው። ጨረሩ የራሱ ጥንቃቄ አለው፤ እሱን የሚያቃልል የለም። ግን መርፌው ውስጥ ያለውን በክብደት እንየው። 740 ሜጋቤክሬል (ሜጋቤክሬል የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ቴክኒሺየም-99ኤም ቢመዘን 4 ናኖግራም፣ ማለትም የግራም 4 ቢሊዮንኛ፣ አይሞላም። ዲቲፒኤው ግን የሚቆጠረው በሚሊግራም ነው። 20 ሚሊግራም ነው ብንል ከቴክኒሺየሙ 5 ሚሊዮን ጊዜ ገደማ ይበልጣል። ስለዚህ ሰውነት እንደ ኬሚካል የሚያገኘው በዋናነት ተሸካሚውን፣ ማለትም ዲቲፒኤውን ነው። እኛ የምንፈትሸውም እሱን ነው።

ይህን ለመፈተሽ ጨረር አያስፈልግም። ቤተ ሙከራችን ውስጥ ለጨረር መድኃኒት የሚውል ጨረር አመንጪ ነገር የለም። ሚዛን አለ፣ ፒኤች ሜትር አለ፣ ሴንትሪፊዩጅ አለ፣ የአይጥ ቤት አለ። ለዚህ ሥራ ይበቃል። ይህ ነገር በደንብ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ፤ "ኒውክሌር" የሚለውን ቃል ሲሰሙ ገና ከበር የሚመለሱ ጎበዝ ተማሪዎች አውቃለሁ።

ለምን ጎንደር? ከዚህ አዲስ አበባ በመኪና ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የቴክኒሺየም-99ኤም ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ፣ 6 ሰዓት ነው። ጠዋት የተዘጋጀ መድኃኒት ማታ ሩቡ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ መድኃኒቱ ራሱ ረጅም መንገድ አይሄድም፤ የሚሄደው ጀኔሬተር የሚባለው የቴክኒሺየም ማውጫ ዕቃ ነው። ጀኔሬተሩ 66 ሰዓት ግማሽ ዕድሜ ያለው ሞሊብዲነም-99 ይዞ ይመጣል፣ ቴክኒሺየሙ በየጠዋቱ ከሱ ይታለባል፣ ከዚያ እዚያው ከኪቱ፣ ማለትም ዲቲፒኤን የመሰለ ተሸካሚ ተዘጋጅቶ ከታሸገበት ጠርሙስ፣ ጋር ይዋሃዳል። ኪቱን የሚያውቅ ሰው በየከተማው ያስፈልጋል ማለት ነው። ያንን ሰው ደግሞ ቀድሞ ማዘጋጀት ይቻላል።

ኅዳር፣ የመጀመሪያው ሳምንት

ሳምንቱ በሙሉ በፒኤች፣ ማለትም በአሲድነት ልኬት፣ አለቀ። ዲቲፒኤ በአሲድ መልኩ ውኃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ጠብ ሲደረግበት ግን ቀስ እያለ ይጠራል። ፒኤቹን 7.4 ላይ ካላደረስነው የምንለካው የዲቲፒኤን መርዛማነት አይሆንም። የአሲድን ማቃጠል ነው የምንለካው። ብዙ የመርዛማነት ሙከራ የሚበላሸው እዚህ ነው።

ሁለት ዓይነት መፍትሔ (ውኃ ውስጥ የሟሟ ኬሚካል) ነው የምንፈልገው። አንደኛው የሶዲየም ጨው ነው፤ እጁ ባዶ ነው፣ ያገኘውን ብረት ይይዛል (ብረት ስል ካልሲየምንና ዚንክን የመሰለውን ሁሉ ነው)። ሁለተኛው ካልሲየም አስቀድሞ የያዘ ነው። ለሁለተኛው እኩል ሞል፣ ማለትም በቁጥር ከዲቲፒኤው ጋር እኩል የሆነ፣ ካልሲየም ክሎራይድ ጨመርን። እዚህ ጋ ፒኤች ሜትሩን ማየት ደስ ይላል። ካልሲየሙ ሲገባ ቁጥሩ ወዲያው ይወርዳል። ዲቲፒኤው ካልሲየሙን ሲጨብጥ ይዞት የነበረውን ሃይድሮጅን ይለቃል፣ ፈሳሹ አሲድ ይሆናል። መልሰን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አስተካከልነው። መያዣው ብረት እንደያዘ በዓይናችን ያየንበት የመጀመሪያው ምልክት ይህ ነበር።

የመፍትሔው ጥንካሬ 100 ሚሊሞላር ነው፤ በ100 ሚሊ ሊትር 3.93 ግራም።

ውኃ ሐሙስ ዕለት አልነበረም። የተጣራ ውኃ ቀድመን በጀሪካን ይዘን ስለነበር ሥራው አልቆመም። ጎንደር ላይ የሚሠራ ሰው ይህን አስቦ ነው የሚጀምረው።

ኅዳር አጋማሽ

አርቴሚያ። የጨው ውኃ ውስጥ የምትኖር፣ ዓሣ አርቢዎች ለጫጩት ዓሣ የሚመግቧት ደቃቅ ፍጥረት ናት። እንቁላሏ ደረቅ አቧራ ይመስላል። ለብ ባለ የጨው ውኃ ውስጥ ሲደረግ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል። እንቁላሉ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ መጣልን። ማታ ማታ ብርድ ስለሆነ ከማሰሮው አጠገብ አምፖል ሰቀልን። አንድ ሌሊት መብራት ሄደና መፈልፈሉ ዘገየ፤ በማግሥቱ ግን ወጡ።

ጫጩቶቹ ብርሃን ይወዳሉ። የማሰሮውን ግማሽ በጥቁር ወረቀት ሸፍኖ በሌላው በኩል ባትሪ ማብራት ነው። ብርቱካናማ ነጠብጣብ ሆነው ወደ ብርሃኑ ይሰበሰባሉ። ባዶ ቅርፊቱ በጨለማው በኩል ይቀራል። ከዚያ በፒፔት እየለቀሙ ወደ ሙከራ ቱቦ።

ውጤቱ እንዲህ ነው። ፖታሲየም ዳይክሮሜት የተባለው መርዝ የተደረገባቸው ሞቱ፤ ይህ የምንጠብቀው ነበር፣ ሙከራው መሥራቱን ያረጋግጣል። ባዶ እጁን የገባው ዲቲፒኤ ግን ምንም አላደረጋቸውም። በማግሥቱም ይዋኛሉ።

አብራኝ የምትሠራው ተማሪ በጣም ተደሰተች። "ዶክተር ጋ ልደውል?" አለችኝ። ቆይ አልኳት። የባሕር ውኃ አስመስለን ባዘጋጀነው ውኃ ውስጥ በሊትር 10 ሚሊሞል ገደማ ካልሲየም አለ፤ ማግኒዚየሙ ደግሞ 50 ይበልጣል። እኛ የጨመርነው ዲቲፒኤ አንድ ሚሊሞል ነው። ጫጩቶቹ ጋ ሳይደርስ እጁ በካልሲየም ሞልቷል። ደም ውስጥ ነጻ የሆነው ካልሲየም ከ1.1 እስከ 1.3 ሚሊሞል ነው። እዚያ አንድ ሚሊሞል ባዶ መያዣ ቢገባ የሚሆነው ሌላ ነው።

አርቴሚያ ርካሽ ናት፣ ፈጣን ናት፣ የሀገራችንን የዕፅዋት መድኃኒቶች ለመፈተሽ ብዙ ሰው ይጠቀምባታል። ብረት ለሚይዝ ኬሚካል ግን ብቻዋን ዳኛ መሆን የለባትም ብዬ አምናለሁ። "ጉዳት የለውም" የሚል ወረቀት ይዛ ትወጣለች፣ ወረቀቱ ደግሞ ሰው ያሳስታል። በማስታወሻ ደብተራችን ላይ ውጤቱን ከነምክንያቱ ጻፍነው።

ኅዳር መጨረሻ

የቆርቆሮ ክሎራይድ። ቴክኒሺየም ከጀኔሬተር ሲወጣ ፐርቴክኔቴት ሆኖ ነው፤ በዚህ መልኩ ዲቲፒኤ አይዘውም። ኪቱ ውስጥ ያለው ትንሽ የቆርቆሮ ጨው ነው ለመያዝ ዝግጁ የሚያደርገው። አየር ከገባበት ቆርቆሮው ይበላሻል። ለዚህ ነው ጠርሙሱ በናይትሮጅን የሚታሸገው። ቆርቆሮው ከተበላሸ ቴክኒሺየሙ ሳይያዝ ይቀርና ወደ ታይሮይድ፣ ወደ ምራቅ ዕጢና ወደ ጨጓራ ይሄዳል። ኩላሊቱ ላይ ያነጣጠረው ምርመራ ይበላሻል፣ በሽተኛውም ጨረሩን በከንቱ ይወስዳል።

የቆርቆሮውን ጨው በቀጥታ ውኃ ላይ ብትጨምሩት ወተት ይመስላል። መጀመሪያ በጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ማሟሟት፣ ከዚያ ማቅጠን ነው። አንድ አቅራቢ የላከልን ብልቃጥ ክዳኑ ላልቶ ስለመጣ አልተጠቀምንበትም። ከሌላ ክፍል ያልተከፈተ ተዋስን።

በበግ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ሞከርነው። ሕዋሱ ሲፈነዳ ፈሳሹ ይቀላል፤ ቅላቱን በ540 ናኖሜትር ላይ መለካት ነው። ኪት ውስጥ በሚኖር መጠን የተለየ ነገር አላየንም። ብዙ የምጽፍበት ነገር የለም።

ጾመ ነቢያት ስለገባ ብዙ ልኳንዳ ቤቶች ዘግተዋል። ትኩስ ደም ማግኘት ከባድ ነው። የሙስሊም ሥጋ ቤት ያላቸው ጎረቤታችን ረዱን።

የገና ዋዜማ

ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህ ነው።

ደም ለምን እንደሚረጋ እናውቃለን፤ ካልሲየም ያስፈልገዋል። ክሊኒክ ውስጥ ክዳኑ ወይን ጠጅ የሆነው ቱቦ ደም የማያረጋው ኢዲቲኤ ስላለበት ነው። ኢዲቲኤ ካልሲየሙን ይይዝበታል። ዲቲፒኤ የኢዲቲኤ የቅርብ ዘመድ ነው። ታዲያ የሶዲየሙ ጨው ደም ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ለማየት አይጥ መግደል ለምን ያስፈልጋል?

ለበዓል የተገዛው በጋችን ግቢ ውስጥ ታስሮ ነበር። የእንስሳት ሐኪም ጓደኛዬ መጣ። ከአንገቱ ደም ሥር በሲሪንጅ ትንሽ ቀዳ። በሚታረድበት ጊዜ ከሚፈሰው ደም መውሰድ አልፈለግንም። ያ ደም የተቆረጠ ሥጋ ስለሚነካው ከተለመደው ቶሎ ይረጋል፣ ጊዜውን ያዛባል።

ሦስት ቱቦ። አንደኛው ውስጥ ሰላይን (የጨው ውኃ) ብቻ። ሁለተኛው ውስጥ የሶዲየሙ ዲቲፒኤ። ሦስተኛው ውስጥ ካልሲየም የያዘው ዲቲፒኤ። በእያንዳንዱ 0.1 ሚሊ ሊትር፣ ላዩ ላይ 0.9 ሚሊ ሊትር ደም። መጨረሻ ላይ ዲቲፒኤው 10 ሚሊሞላር ይሆናል። ቱቦዎቹን በእጃችን ሙቀት ይዘን በየግማሽ ደቂቃው ማዘንበል ጀመርን።

መጀመሪያ ሦስቱም እኩል ይፈስሳሉ። ትንሽ ቆይቶ የሰላይኑ ደም ግድግዳው ላይ መጎተት ጀመረ። ከዚያ ሲዘነበል አብሮ አይሄድም። ከዚያ ቱቦው ተገለበጠ፣ ደሙ ካለበት አልተነቃነቀም። ካልሲየም የያዘው ብዙም ሳይዘገይ ተከተለው። መሀለኛው ግን እንደ ፈሰሰ ነው። ቡናው ተፈልቶ ሁለተኛው እስኪቀዳ ይፈስሳል። እናቴ ጀበናውን እንደያዘች ቆማ አየችው። "ይኸኛውስ ለምን እንቢ አለ?" አለች። ካልሲየሙን ይዞበት ነው እማዬ አልኳት።

ከዚያ ወደ መሀለኛው ጥቂት ካልሲየም ክሎራይድ ጨመርን። ረጋ።

አንድ ሞለኪውል ነው፣ አንድ መጠን ነው። ልዩነቱ እጁ ባዶ መሆኑና አለመሆኑ ብቻ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ደም ውስጥ ነጻው ካልሲየም በድንገት ሲወርድ ጡንቻ ይኮማተራል፣ የልብ ምት ይዛባል። አሜሪካ ውስጥ ካልሲየም የሌለው ኢዲቲኤ በደም ሥር ተሰጥቷቸው የሞቱ ሰዎች አሉ፤ ከነሱ ውስጥ ሕፃናት ነበሩበት። ስማቸው የሚቀራረብ ሁለት ጨዎች ናቸው፣ አንደኛው ካልሲየም የያዘ፣ አንደኛው ያልያዘ። ስለዚህ ኪት በእጁ የሚይዝ ሰው "ዲቲፒኤ ነው" ብሎ መተው የለበትም። የትኛው ጨው እንደሆነ ማንበብ አለበት።

መጠኑንም ማስታወስ ይገባል። የኩላሊት ምርመራ ላይ የሚሰጠው በሚሊግራም ነው። ፕሉቶኒየም ወይም አሜሪሲየም ወደ ሰውነቱ ለገባ ሰው ግን ካልሲየም-ዲቲፒኤ በቀን 1 ግራም ይሰጣል። እዚያ ሌላ ጉዳይ ይመጣል፤ ዲቲፒኤ ከካልሲየም ይልቅ ዚንክን እጅግ አጥብቆ ይይዛል። ካልሲየሙን ጥሎ የሰውነትን ዚንክ ይዞ በሽንት ይወጣል። ለዚህ ነው ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ወደ ዚንክ-ዲቲፒኤ የሚዞሩት።

የሶዲየሙን ጨው በአይጥ ላይ ላለመሞከር ወሰንን። ቱቦው መልሱን ሰጥቶናል። እንስሳ በሚንዘፈዘፍበት ሙከራ የምናገኘው ተጨማሪ እውቀት የለም።

ከገና በኋላ

አሁን ዶታ። ይህ ቀለበት የመሰለ ሞለኪውል ነው፤ ብረቱ ቀለበቱ ውስጥ ይገባና ይዘጋበታል። ለካንሰር ሕክምና የሚውሉት የሉቴሺየም-177 መድኃኒቶች ላይ ያለው መያዣ ይህ ነው። ሉቴሺየም-177 ጨረር የሚያወጣ ብረት ነው፤ ግማሽ ዕድሜው 6.65 ቀን ነው። ከመያዣው ካመለጠ ወደ አጥንትና ወደ ጉበት ይሄዳል፤ መቅኒው ደግሞ አጥንት ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ የዶታ ነገር ሁሉ "ይይዛል ወይ፣ አይለቅም ወይ" ነው።

ጋዶሊኒየም የሚባለው ብረት ታሪክ እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት አለው። ለኤምአርአይ የሚሰጥ ጋዶሊኒየም ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ቆዳን የሚያጠነክር ከባድ በሽታ እንደሚያመጣ በ2006 ተጠቆመ። በዋናነት የተጠረጠሩት መያዣቸው ቀለበት ሳይሆን ክፍት ሰንሰለት የሆኑት ናቸው። ጋዶሊኒየም ጨረር አመንጪ አይደለም። ጉዳቱ የመጣው ከመልቀቅ ነው።

እኛ የተጠቀምነው ተፈጥሯዊ ሉቴሺየም ነው። እርግጥ ከ100 እጅ 2.6 የሚሆነው ሉቴሺየም-176 ነው፣ እሱም ትንሽ ጨረር አለው፤ ግማሽ ዕድሜው ግን በአሥር ቢሊዮኖች ዓመታት ስለሚቆጠር የሚያሳስብ አይደለም።

ዶታ ቶሎ አይይዝም፤ 95 ዲግሪ አካባቢ ግማሽ ሰዓት ማሞቅ ይፈልጋል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች ውኃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። "በፈላ ውኃ ውስጥ አስቀምጥ" የሚል መመሪያ ባሕር ዳርቻ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። እኛ ጋ ከዚያ በላይ ቢነድም ውኃው አይሞቅም። ስለዚህ የውኃ ማሞቂያውን ትተን በደረቅ ማሞቂያ ብረት ላይ ሠራን፤ ቴርሞሜትር አስገብተን። ኪት ለማፍላት ውኃ የሚጠቀም ሁሉ ደጋ ላይ ይህን ቢያስብ ጥሩ ነው።

መያዙን በቀለም ነው ያየነው። ዛይሌኖል ኦሬንጅ የሚባል ቀለም አለ። ነጻ ሉቴሺየም ካገኘ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፤ ካላገኘ ቢጫ እንደሆነ ይቀራል። ሳይሞቅ ያስቀመጥነው ወዲያው ወይን ጠጅ ሆነ። የሞቀው ቢጫ ነው። ቢጫ ያልሆነ ነገር አይጥ ጋ አይደርስም ብለን ተስማማን።

ከጥምቀት በፊት

የአይጥ ቤት። ፈቃዱ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው በጽሑፍ ደርሶናል።

ለአይጦቹ የምንሰጠውን ሉቴሺየም የያዘ ዶታ መጠን ከየት አመጣን? ዓለም አቀፍ መመሪያ አለ። በመጀመሪያ ደረጃ ጥናት ለሰው የሚሰጠው በጠቅላላው ከ100 ማይክሮግራም የማይበልጥ ከሆነ፣ በአንድ ዓይነት እንስሳ ላይ በደም ሥር በኪሎ የሰውን 1,000 እጥፍ ሰጥቶ መመርመር ይበቃል። ሰው 60 ኪሎ ነው ብንል 100 ማይክሮግራም በኪሎ 1.67 ማይክሮግራም ይሆናል። ሺህ ጊዜ ሲባዛ 1.67 ሚሊግራም በኪሎ። 25 ግራም ለምትመዝን አይጥ 42 ማይክሮግራም ገደማ። ይህን በ0.1 ሚሊ ሊትር አድርገን ጭራዋ ላይ ባለው ደም ሥር እንሰጣለን።

የአይጥ ቤቱ ኃላፊ ጋሼ እጃቸው የተባረከ ነው። ጭራውን ለብ ባለ ውኃ ነክረው ደም ሥሩ ሲያብጥ ይጠቁሙኛል። "ቀስ በል፣ አትቸኩልባት" ይሉኛል። መርፌው በትክክል ሲገባ ደም ሥሩ ለአፍታ ይነጣል፣ መፍትሔው ወደ ላይ ሲያልፍ ይታያል። ካልገባ ቆዳው ሥር ያብጣል፤ ያቺ አይጥ አትቆጠርም።

የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ዓይን ሳይነቅሉ ማየት ነው። ፀጉር መቆም፣ መንቀጥቀጥ፣ የኋላ እግር መጎተት፣ አተነፋፈስ። የመጀመሪያዎቹን 4 ሰዓቶችም በቅርብ። ከዚያ በየቀኑ እስከ 14 ቀን፤ ክብደት፣ የሚበሉት፣ የሚጠጡት። ምንም የተለየ ነገር የለም። ሰላይን ከተሰጣቸው ጋር አብረው ይሮጣሉ።

ክትትሉ በጥምቀት ላይ ዋለ። ከተማው በእንግዳ ሞልቷል፣ ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወስደው መንገድ ለመኪና ዝግ ነው። በከተራ ቀን በእግር ሄጄ መዘንኳቸው። ጋሼ ከእኔ ቀድመው ደርሰው ውኃቸውን ቀይረውላቸዋል፤ ነጠላቸውን እንደለበሱ ነበሩ።

ጥር መጨረሻ

የመጀመሪያው ቡድን ደም መርፌው በተሰጠ በማግሥቱ ተወስዶ ነበር፤ የሁለተኛው ከሁለት ሳምንት በኋላ። ክሬያቲኒን (የኩላሊትን ጤና የሚያሳየው)ና የጉበት ኢንዛይሞች ሰላይን ከተሰጣቸው ጋር ተቀራራቢ ናቸው። ኩላሊት፣ ጉበትና የጭን አጥንት ፎርማሊን ውስጥ ናቸው፤ ፓቶሎጂ ክፍል በሰም አድርጎ እየቆረጠልን ነው።

ይህ ውጤት ምን እንደሚል በግልጽ ልጻፍ። የሞከርነው ሉቴሺየም የያዘውን ዶታ ብቻውን ነው። በሆስፒታል ያለው መድኃኒት ላይ ዶታው ፔፕታይድ (ትንሽ የፕሮቲን ቁራጭ) ወይም ሌላ ሞለኪውል ተሸክሟል፤ ፔፕታይዱ የራሱ ጠባይ አለው። ለምሳሌ የሉቴሺየም-177 ዶታቴት ሲሰጥ አርጂኒንና ላይሲን አብሮ በደም ሥር ይገባል፤ ፔፕታይዱን ኩላሊት መልሶ እንዳይስበው ነው። ያንን የእኛ አይጦች አይነግሩንም። የጨረሩንም ጉዳት አይነግሩንም። የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፦ ብረቱን በደንብ የያዘ ዶታ በዚህ መጠን አይጥ ላይ የሚታይ ጉዳት አላመጣም።

ቀጣዩ ዚንክ ነው። ካልሲየም-ዲቲፒኤ የተሰጣቸውና ዚንክ-ዲቲፒኤ የተሰጣቸው አይጦች ሽንት ውስጥ ዚንኩን እናወዳድራለን። የዚንክን መጠን የሚለካውን አቶሚክ አብዞርፕሽን ማሽን ኬሚስትሪ ክፍል በየካቲት እንደሚለቁልን ነግረውናል። የሽንት መሰብሰቢያውን ቤት ጋሼ ከፕላስቲክ እየሠሩት ነው፤ የብረት ወንፊቱ ዚንክ የተቀባ ስለሆነ እሱን አውጥተን በናይለን መረብ እንቀይረዋለን።